አሥራ ሁለት የማይመሳሰሉ ኮምፒውተሮች

አቶ እንዳላማው ማረፋቸውን የነገሩኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታይሽ ናቸው። በሐምሌ መገባደጃ፣ ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ የዳንግላን ቆርቆሮ ሲደበድብ በዋለበት ቀን ደወሉልኝ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በሦስተኛው ሙከራ «ዶክተር፣ ያ ሰውዬ ሄደ» አሉኝ።

«ወዴት?» ብዬ ጠየቅሁ።

ከእኔ የማይጠበቅ ጥያቄ ነበር። ወይዘሮ ይታይሽም «ወዴት ይሄዳል እቴ፤ ሁላችን ወደምንሄድበት ነዋ» አሉ፤ መስመሩም እንደ ገና ተቋረጠ።

አላለቀስሁም። ይህን የምናገረው ጽኑ መሆኔን ለማስመስከር ሳይሆን የሆነው ይኸው ስለሆነ ነው። ስልኩን አስቀምጬ ወደ ጀመርሁት ሥራ ተመለስሁ። ሥራው በኮምፒውተር ላይ ነበር፤ ኮምፒውተሩን ለእኔ የሰፉልኝ ደግሞ እርሳቸው ነበሩ። «የሰፉልኝ» የሚለውን ቃል የመረጥሁት እኔ አይደለሁም፤ ራሳቸው ይጠቀሙበት የነበረ ነው።

ሙት አይወቀስም ይባላል። ልማዱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሳይወቅሱ ማመስገን ግማሽ እውነት ነው። በግማሽ እውነት ላይ ፈርሜ በአንዲት ሴት እንጀራ ላይ ምን እንዳደረስሁ ስለማውቅ፣ ስለ አቶ እንዳላማው የምጽፈው የእርሳቸውንም የእኔንም ጥፋት ጨምሬ ነው።

አባታቸው ጥርባ አካባቢ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። አዊ ፈረስ የሚከበርበት አገር ነው፤ ጥሩ ኮርቻ ሰፊም እንደ ሐኪም የሚፈለግ ሰው ነበር። አባትየው፣ ኮርቻ ሊያዝዝ የመጣ ሰው ፊት ወስፌ አያነሡም ነበር። መጀመሪያ ሰውዬውን ሜዳው ላይ ያስጋልቡታል። ወደየትኛው ጎኑ እንደሚያዘነብል፣ እግሩን የት ላይ እንደሚጥል፣ ፈረሱ ሲዞር የትኛው ትከሻው እንደሚከብደው ከዳር ተቀምጠው ያያሉ። ግማሽ ቀን ያያሉ። ቆዳውን የሚቆርጡት ከዚያ በኋላ ነው። በሕይወታቸው ሁለት የሚመሳሰል ኮርቻ አልሰፉም ይባላል።

ልጃቸው ወስፌውን አልወረሱም። በወጣትነታቸው የጽሕፈት መኪና ጥገና ተማሩ፤ የጽሕፈት መኪና ዘመን ሲያልፍ ወደ ኮምፒውተር ተሻገሩ። ከአባታቸው የወረሱት ያቺን ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

እኔ ያወቅኋቸው ቆሰበር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ነው። ከተማዋ በወረቀት እንጅባራ ናት፤ ከሚኒባሱ ረዳት እስከ ቄሱ ድረስ ግን ቆሰበር ይላታል። አቶ እንዳላማው ቴክኒሻን ነበሩ። በእርሳቸው ኃላፊነት ሥር የነበረው፣ የመዝገብና የጽሕፈት ሠራተኞቹ አብረው የሚሠሩበት አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ በውስጡም ሌላ ቦታ አገልግለው የተጣሉ አሥራ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ሁሉም ሰው የለመደው ሲስተም ለእነዚያ ማሽኖች ከብዷቸው ስለነበር አቶ እንዳላማው ሊኑክስ ጫኑባቸው። ሊኑክስ ማንም ሰው በነፃ የሚያገኘው፣ ፈትቶ እንደ ገና የሚገጥመው ሲስተም ነው። እርሳቸውን የማረካቸው ግን በነፃ መገኘቱ አልነበረም።

«ይኼኛው ስፌቱ ይታያል» ይሉ ነበር። «ስፌቱ የሚታይ ነገር ይጠገናል። ስፌቱን የደበቁብህ ኮርቻ ግን የተቀመጥህበት እንጂ የአንተ አይደለም።»

ለአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር ሲመደብለት አቶ እንዳላማው ትንሽ የዱካ መቀመጫ ይዘው ከጀርባው ይቀመጣሉ። ጉልበታቸው ላይ የተማሪ ደብተር አለ። «እኔ የለሁም፤ ሥራህን ሥራ» ይላሉ። ሰውዬው መጀመሪያ ምን እንደሚከፍት፣ ምን ሲፈልግ እንደሚደናበር፣ ሲሰለቸው እጁ የት እንደሚሄድ ይጽፋሉ። ከምሳ በፊት ተነሥተው ይሄዳሉ። በማግሥቱ ሠራተኛው ሲገባ ኮምፒውተሩ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ የሚፈልገው ነገር ፊት ለፊቱ ነው፣ የማይፈልገው የለም።

ለማሽኖቹ የሰጡትን ትእዛዝ አንዲት ሳትቀር በዚያ ደብተር ላይ በእጃቸው ይገለብጡ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ። አንድ መምህር «ጋሼ፣ በፍላሽ ቢያስቀምጡት እኮ በአንድ ደቂቃ ያልቃል» ብሎ ሲቀልድባቸው «ያ የተቀዳ ነው፤ ይኼ የታወቀ ነው» ብለው መጻፋቸውን ቀጠሉ።

በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ፣ ሰዉ በሩፋኤል ዝናብ ሊጠመቅ ወደ ውጭ ሲወጣ፣ አቶ እንዳላማው የራሳቸውን ኮምፒውተር ባዶ ያደርጉ ነበር። ያለውን ሁሉ ይደመስሱና ከደብተሩ ላይ እያነበቡ፣ መስመር በመስመር፣ ከባዶ ያነሡታል። «አጠብሁት» ይሉታል። ደብተሩ ላይ የጎደለች መስመር ካለች የምትታወቀው በዚያን ቀን ነው። በእኔ ሙያ ይህን የመሰለ ጥንቃቄ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ደመወዛቸውና ማዕርጋቸው ግን የቴክኒሻን አይደለም።

ከአሥራ ሁለቱ ማሽኖች ሰባተኛው የወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የተማሪዎችን ውጤት ወደ መዝገብ የምታስገባ ሠራተኛ ናት፤ በዚያ ደመወዝ እናቷንና ሁለት ልጆቿን ታስተዳድር ነበር። ያን ጊዜ እኔ የማላውቀውን አሁን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ዐይኗ ከዳር ወደ መካከል እየጠበበ ነበር። ይህን የምታውቅ እርሷ ብቻ ነበረች። አቶ እንዳላማው ከጀርባዋ ተቀምጠው በዋሉባት ግማሽ ቀን ዐወቁ። እርሷም አልነገረቻቸውም፣ እርሳቸውም አልጠየቋትም። በማግሥቱ የሰባተኛው ማሽን ገጽታ ተለወጠ፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅም ለአራት ዓመት አንድ ውጤት ሳትሳሳት ሠራች።

እኔ በዚያ ኮሌጅ የኮሚቴ ሰብሳቢ ነበርሁ፤ የየትኛው ኮሚቴ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ዶክተር የሚባል ሰው ሦስት ብቻ ስለነበርን ሁሉም ኮሚቴ የእኛ ነበር። እኔ የተማርሁት የሐይቅ ውኃ የሚጨምርበትንና የሚቀንስበትን ሒሳብ ነው። የተማርሁት ለሌላ ቦታ ነበር፤ ሌላው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እኔም ወደ ትውልድ አገሬ ዳንግላ ተመልሼ በየማለዳው ወደ ቆሰበር የምመላለስ መምህርት ሆንሁ። አቶ እንዳላማውም ዳንግላ ይኖሩ ነበር። ሦስት ዓመት ያህል በአንድ ሚኒባስ ስንጓዝ ከ«እንደምን አደሩ» የዘለለ ቃል አልተለዋወጥንም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከቴክኒሻን ጋር የምጫወተው ነገር ያለኝ አይመስለኝም ነበር።

የኮሌጁ ኮምፒውተሮች በሙሉ አንድ ወጥ ሲስተም እንዲኖራቸው ሐሳብ ቀረበና የአቶ እንዳላማውን ክፍል የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢዋ እኔ ነበርሁ።

የገባሁት ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ነው። በሩን ስገፋው ከላዩ የተንጠለጠለ የፈረስ ቃጭል ተንቃጨለ። የመጀመሪያው ማስታወሻዬ ስለ ቃጭሉ ነበር፤ «ለመሥሪያ ቤት የማይመጥን» ብዬ ጻፍሁ፤ እንዲወርድም አዘዝሁ። ከዚያም ማሽኖቹን ተራ በተራ አየሁ። ሁለት የሚመሳሰሉ አልነበሩም። በአንዱ ላይ መስኮቶቹ በግራ ተደርድረዋል፤ በሌላው ላይ ምንም ምልክት የለም፣ ሁሉ ነገር በቁልፍ ብቻ ይከፈታል። ሰባተኛው ዘንድ ስደርስ ቆምሁ። ገጹ ጥቁር ነው፤ በመካከሉ እንደ አውራ ጣት የሚያክሉ ቢጫ ፊደሎች አሉ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልሁ።

«ሰባተኛው ነው፤ የወይዘሮ ጥሩወርቅ» አሉ አቶ እንዳላማው።

«ፊደሉ ለምን ይህን ያህል ገዘፈ?»

«ለሚሠሩበት ሰው እንዲያ ይስማማቸዋል።»

«የግል ምርጫ ነው ማለት ነው?»

አቶ እንዳላማው ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አዩ። እርሷ እጆቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላ ተቀምጣለች፤ የምታየው ግን ፊቴን ሳይሆን ከትከሻዬ በላይ ያለውን ባዶ ግድግዳ ነበር። ንቀት መሰለኝ።

«ምርጫ ብለው ይጻፉት» አሉ አቶ እንዳላማው።

ጻፍሁት።

ስወጣ ተከትለውኝ ወጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዶክተር፣ ከመፈረምዎ በፊት ግማሽ ቀን እዚህ ቢቀመጡ» አሉኝ።

«የት?»

«ከጀርባቸው። ዝም ብለው ያዩአቸዋል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። ከምሳ በፊት ያልቃል።»

«አቶ እንዳላማው፣ ለአንድ ክፍል የሚሆን ግማሽ ቀን የለኝም።»

«እሺ» አሉ።

በእኛ አገር «እሺ» መስማማት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የንግግር መዝጊያ ነው። ያን ቀን ስለ ዐይኗ አንዲት ቃል ቢናገሩ ኖሮ ነገሩ ሁሉ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። አልተናገሩም። የሰው ጉድለት በአደባባይ አይጠራም፤ እርሷ ራሷ ያልተናገረችውን እርሳቸው በምን አፋቸው ይናገሩታል? ይሉኝታ ትልቅ ጨዋነት ነው፤ ሰውን ከነጨዋነቱ ገደል ይከተዋል።

ሪፖርቱን በስብሰባ ላይ ያነበብሁት ራሴ ነኝ። ዋናው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፤ «አሥራ ሁለቱም ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው ስለማይመሳሰሉ ለማንም ሰው አይመቹም።» የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይወጣም። አንድ ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ እንዲህ ቢጽፍልኝ በቀይ እሰርዝበት ነበር። እኔ ግን ፈረምሁበት።

ማሽኖቹ ተነሥተው አሥራ ሁለት አንድ ዓይነት አዳዲስ ማሽኖች ገቡ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለሦስት ሳምንት የቁልፎቹን ቦታ በቃሏ ይዛ ሠራች። በሦስተኛው ሳምንት የአንድን ክፍል ተማሪዎች ውጤት በሌላ ክፍል ተማሪዎች ስም አስገባች። ተጠየቀች፤ ሐኪም ዘንድ ተላከች፤ የሐኪሙ ደብዳቤ በእኔም ጠረጴዛ በኩል አለፈ። ተሰናበተች። የአቶ እንዳላማውም የሥራ መደብ አላስፈላጊ ነው ተብሎ ታጠፈ። ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከሾፌሩ በስተኋላ፣ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ይቀመጥ ጀመር።

እርሳቸው ዳንግላ፣ ከጋሪ መቆሚያው አጠገብ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ኮምፒውተር መጠገን ጀመሩ። ባለፍሁ ቁጥር ሳላስበው ወደ ውስጥ አያለሁ፤ ብዙ ጊዜ እርሳቸው ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ናቸው። አንድ ቀን የጋሪ ፈረስ ልጓም ይዘው ከነጂው ጋር ሲከራከሩ ሰማኋቸው።

«አንተ፣ ይኼ ጠፍር ትከሻውን እየበላው ነው እኮ!»

«ጋሼ፣ እርስዎ ኮምፒውተርዎን ይጠግኑ፤ ፈረሴን ለእኔ ይተዉልኝ!»

«ኮምፒውተሩንስ እንዲሁ አይደል የምጠግነው? ፍታው ስልህ!»

ነጂው እየሳቀ ፈታው። እኔ ሳልሰማ እንዳለፍሁ መሰልሁ።

ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ የራሴ ኮምፒውተር ታመመ። በውስጡ የዘንገናን ሐይቅ ውኃ የሚያሰላው ፕሮግራሜ ነበር፤ ከተማርሁበት ዘመን የተረፈኝ ብቸኛ ሥራ እርሱ ነው። ከዚያ በፊትም ማሽኑ ያስቸግረኝ ነበር። ስጽፍ ፊደል ይደግማል፤ በፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ አንዲት የተደገመች ፊደል ሥራውን በሙሉ ታስቆማለች። ሦስት ኪቦርድ ለውጫለሁ። በመጨረሻ ከአንድ ፍላሽ ቫይረስ ገባበትና አልከፍት አለኝ። ከኢንተርኔት ሌላ ሲስተም ለማውረድ ኔትወርክ የለም። በዳንግላ የሊኑክስን ፕሮግራሞች በሙሉ በዲስክ ሰብስቦ ያስቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ዶክተር! ይግቡ፤ ጭቃው አያሳድፍዎ» አሉኝ፣ ሦስት ዓመት በአንድ ሚኒባስ ሲያዩኝ በነበረው በዚያው ፊት።

ችግሬን ነገርኋቸው።

«የዘንገናን ውኃ ነው የሚቆጥሩት?»

«የዘንገናን።»

«አባቴ ቢኖሩ በዓይናቸው አይተው ይነግሩዎት ነበር» ብለው ሳቁ። «ነገ በሥራ ሰዓትዎ ቤትዎ እመጣለሁ።»

«ማሽኑን ይዤልዎ መጥቻለሁ እኮ።»

«የማየው ማሽኑን አይደለም። የእኔን ይዤ እመጣለሁ፤ እርስዎ በእርሱ ይሠሩበታል።»

በማግሥቱ መጡ። ከጀርባዬ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ከታተመ ወረቀት ላይ እያየሁ ፕሮግራሜን መጻፍ ጀመርሁ። ከኋላዬ የእስክሪብቶ ድምፅ ይሰማኛል።

«ሲናደዱ የትኛውን ቁልፍ ነው የሚመቱ?» አሉኝ ድንገት።

«እኔ አልናደድም።»

እስክሪብቶው ለረጅም ጊዜ ጻፈ።

ቆይተው ዱካቸውን ወደ ጎኔ አስጠጉና እጄን ያዩ ጀመር። ስፌት የሚመረምር ሰው አስተያየት ነበር። «ምን አጠፋሁ?» አልኋቸው። «ምንም። ይጻፉ» አሉ። ከዚያ ወዲያ አልጻፉም፤ ደብተሩ ጉልበታቸው ላይ ተከፍቶ ቀረ። እየጻፍሁ፣ ከትናንት ጀምሮ የያዝሁትን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«ለምን መጡልኝ? ክፍልዎን ያፈረስሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ሪፖርቱን ሲያነቡ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አባቴ ዘንድ ጀርባው የተላጠ ፈረስ ሲመጣ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። የደመኛም ቢሆን፣ ፈረሱ ምን አደረገ?»

«ፈረሱ እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«ኧረ ዶክተር! በስመ አብ!» ብለው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ፤ ሁለታችንም ሳቅን። አብረን የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳቁ ሳይበርድ «ስለ ጥሩወርቅ ዐይን ለምን አልነገሩኝም?» አልሁ።

«ዐይኑ የእርሳቸው ነዋ፤ የእኔ አይደለም።»

«ቢነግሩኝ አልፈርምም ነበር።»

ወደ ደብተሩ አቀረቀሩ። «ይሆናል» አሉ። ቀጥለውም፣ በቁጣ ሳይሆን መስመር እንደሚያርም ሰው፣ «ግማሽ ቀን ቢቀመጡም ያዩት ነበር» አሉ።

ወደ ኪቦርዱ ዞርሁ።

ማሽኔን ከሁለት ቀን በኋላ አመጡልኝ። ስከፍተው ሦስት መስኮቶች ራሳቸው ይከፈታሉ፤ በግራ የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ በቀኝ የሒሳቡ ውጤት፣ ከታች የዕለቱ የውኃ ልኬት። ድምፅ የለውም፤ የሚያብለጨልጭ ነገር የለውም። ቀለሙ የደከመ ዐይን የማይወጋ ደብዛዛ አረንጓዴ ነው። ሌላ ጊዜ በወር የማልለምደውን ያን ሁሉ በአንድ ሰዓት ለመድሁት። ፊደል መደጋገሙም ቀረ። ፊደል አውቄ መድገም ሲያስፈልገኝ ግን በሁለቱ ምት መካከል ትንሽ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ማሽኑ ያረጀ መስሎኝ ተውሁት። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራሁ፤ የዘንገናም ሒሳብ ወደ ማለቁ ተቃረበ። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቻቸው «ይስማማዎታል?» አሉኝ። «ይስማማኛል» አልሁ። «እጅዎንስ አይደክምዎትም?» አሉኝ። «አይደክመኝም» አልሁና አለፍሁ። ሌላ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው እንደ ነበር አሁን ትዝ ይለኛል።

አርባቸው የወጣው በጳጉሜን ነው። ግቢው ውስጥ በተጣለው ዳስ ሥር ወይዘሮ ይታይሽ ደብተሩንና መቀስ ይዘው ተቀምጠዋል። «ልኩን ለየባለቤቱ መልሺ ብሎኛል፤ አደራዬን ልወጣ» እያሉ ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው ሰው ገጹ ተቆርጦ ይሰጠዋል። ሰዉ ገጹን ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ አጥፎ ኪሱ ይከትታል። አንዳንዱ ይስቅና ደንግጦ ያቆማል።

የእኔን ተቀብዬ ሳላነብ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ዞር ስል ወይዘሮ ጥሩወርቅ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ቆሰበር ገበያ ድንች እንደምትሸጥ ሰምቼ ነበር። እጆቿ አፈር የገባባቸው ናቸው፤ ገጿን እንደ ያዘች ነው። «ይቅርታ፣ አሳልፊኝ» አልኋት።

«ይኼ ድምፅ የዶክተር ነው» አለች።

«ነኝ።»

«አውቄሻለሁ። ሪፖርቱን ያነበብሽበት ድምፅ ነው፤ አልወፈረም አልቀጠነም።» አንቺ አለችኝ፤ መብቷ ነው። ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። «በይ እንግዲህ አንብቢልኝ፤ ማንበብ ትችይበታለሽ።»

አነበብሁላት። «ሰባተኛ። መካከሉን እንጂ ዳሩን አታይም። ሁሉ ነገር ወደ መካከል ይምጣ። ቢጫ በጥቁር ላይ። ፊደል እንደ አውራ ጣት። መስመር ስትስት ድምፅ ይንገራት፤ ድምፁ ግን በጆሮ ማዳመጫ፣ ለእርሷ ብቻ። ሰው ሲገባ ቀና ብላ ፈገግ ትላለች፤ ማን እንደሆነ እስኪናገር ትጠብቃለች። እንዳትደነግጥ በሩ ላይ ቃጭል ይንጠልጠል።»

ወረቀቱን ከእጄ መልሳ ተቀበለች። ከዚያ «ቃጭሉን ማን ነበር ያስወረደው?» አለች።

«እኔ።»

«እህ።»

ይህን ገጽ ይዤ ኮምፒውተር ልሰፋላት እንደምችል ነገርኋት፤ ትእዛዞቹ በሙሉ ተጽፈዋል፤ እኔም አውቅበታለሁ። አስጨርሳኝ ራሷን ነቀነቀች።

«ዶክተር፣ ያን ጊዜ በቀጭን ቀዳዳ አይ ነበር። አሁን ቀዳዳውም ተዘግቷል። ፈረሱ ከሞተ ወዲያ ኮርቻ ምን ያደርግልኛል?» ገጹን አጥፋ አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ልሰናበት ስል ወይዘሮ ይታይሽ እጄን ያዙ። «ጥሩወርቅ የተሰናበተች ዓመት በጳጉሜን ማሽኑን አላጠበም» አሉኝ። «ምነው ስለው 'ዘንድሮ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ መናገር ነበረብኝ ይታይሽ' አለኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥቶት አያውቅም።»

ቤቴ ገብቼ ገጼን አወጣሁ። ከላይ «ዶክተሯ» ይላል። ሦስቱ መስኮቶች፣ ቀለሙ፣ ፕሮግራሙን የሚያስነሣው ቁልፍ፣ ሁሉም በተራ ተጽፈዋል። «አልናደድም ትላለች። ስትናደድ ማጥፊያውን ትመታለች፤ ቁልፉ ይጥበቅ» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦

«ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ኪቦርዱ አይደለም። አላወቀችም። ሩብ ሰከንድ ሳይሞላ የተደገመ ምት አይቆጠር።»

ከሥሩ «ይነገራት» ብለው ጽፈው ሰርዘውታል። ከእርሱ በታች «አይነገራት» ብለዋል። እርሱንም ሰርዘውታል። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ሁለት ነገር እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። ከሁለት ዓመት በፊት ቢነግሩኝ ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ እሄድ ነበር። ባይነግሩኝም ሁለት ዓመት ሠራሁ። አቶ እንዳላማው በጥሩወርቅ ላይ የተሳሳቱትን ስሕተት በእኔ ላይ ደገሙት፤ በዚህ ጊዜ ግን እየቆሰሉ ደገሙት። ሁለቱ ሰረዞች ወረቀቱን ሊቀድዱት ደርሰዋል።

በማግሥቱ ጠዋት ማሽኔን ባዶ አደረግሁት። ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር አስገባሁ፤ እርሳቸው እንደሚያደርጉትም እያንዳንዷን መስመር በራሴ ደብተር ላይ በእጄ ገለበጥሁ። ጽሑፌ እንደ ጥንቱ አልነበረም፤ መቼ እንዲህ እንደሆነ አላውቅም። ያቺ የእጄ መስመር ዘንድ ስደርስ አቆምሁ። ሳላስገባት፣ ባዶ ገጽ ከፍቼ ስማቸውን ጻፍሁ።

«እንንዳልላማውው» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ደጋግሜ ጻፍሁት። አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አልወጣም። ኪቦርዱን አልወቀስሁም፤ ወንበሬን ወደ ኋላ ስቤ፣ ከጀርባዬ እንደተቀመጠ ሰው፣ እጄን አየሁት። ከዚያ መስመሯን አስገባሁ፤ በደብተሬም ላይ ገለበጥኋት።

ግማሽ ቀን ፈጀ። እንዳሉትም ከምሳ በፊት አለቀ።